ውሃን በለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ ማመቅ፦ ሀዋሳ ላይ የተፈተነ አሠራር

የሲሪንጅ አፍ በጣታችሁ ድፈኑና ዘንጉን ግፉት። ውስጡ አየር ካለ ዘንጉ ግማሽ መንገድ ይሄዳል፤ ስትለቁት ይመለሳል። ውሃ ከሞላችሁት ግን ግድግዳ እንደ መግፋት ነው። ይህችን ትንሽ ሙከራ ተከትሎ ሰሌዳ ላይ «ፈሳሽ አይታመቅም» ተብሎ ይጻፋል፤ ተማሪውም ደብተሩ ላይ ገልብጦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔም ሀዋሳ ውስጥ ፊዚክስ ሳስተምር ይህን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት አላውቅም። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር የተቀመጠች የ10ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አውጥታ «መምህር፣ ውሃ ጭራሽ የማይታመቅ ከሆነ ድምፅ በውስጡ እንዴት ያልፋል?» አለችኝ። ድምፅ መታመቅና መላላት እየተፈራረቁ የሚጓዙበት ሞገድ መሆኑን ባለፈው ሳምንት ያስተማርኳት እኔው ነበርኩ። ዝም አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄውን በመሣሪያ ለመመለስ ስታገል ቆየሁ። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ከብዙ መበላሸት በኋላ የተስተካከለው ነው። ወጪው ትንሽ ነው፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። አንድ ሙሉ ጠዋት መድቡለት።

ምን ያህል ለውጥ ነው የምንፈልገው?

በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ግፊት በአንድ ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው፤ በባሕር ጠለል ላይ ካለው የአየር ግፊት ጋር ይቀራረባል) በጨመረ ቁጥር ውሃ ከይዘቱ ከሚሊዮን 45 እጅ ያህል ይቀንሳል። 20 ሊትር የሚይዝ ባልዲ ሙሉ ውሃ በአንድ ባር ቢታመቅ የሚያጣው 0.9 ሚሊ ሊትር ነው፤ የሻይ ማንኪያ እንኳን አይሞላም። በሲሪንጁ ውስጥ ለውጡ ያልታየን ውሃው ስላልታመቀ ሳይሆን ለዓይን እጅግ ስላነሰ ነው። ስለዚህ ሥራችን ሁሉ ይህችን ኢምንት ለውጥ በቀጭን ቱቦ ውስጥ ዘርግቶ ማሳየት ነው።

መጀመሪያ ለሁሉም ሰው የሚመጣለት ሐሳብ ጠርሙስ በውሃ ሞልቶ፣ በፓምፕ ገፍቶ፣ ምን ያህል ተጨማሪ ውሃ እንደገባ መለካት ነው። እንዲህ ካደረጋችሁ የምትለኩት የጠርሙሱን መለጠጥ ነው። ፕላስቲክ ይነፋል፤ ብረትም በመጠኑ ይሰፋል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የፍሎረንስ ሊቃውንት የብር ሉል በውሃ ሞልተውና ደፍነው በመዶሻ ቀጥቅጠውት ነበር። ውሃው በብሩ ግድግዳ በኩል ላብ መስሎ ወጣ፤ እነርሱም ስለ ውሃው አንዳች ቁርጥ ነገር ሳይዙ ቀሩ።

ነገሩን የፈታው ጆን ካንተን የሚባል የለንደን የትምህርት ቤት መምህር ነው። (መምህር መሆኑ ደስ ስለሚለኝ ለተማሪዎቼ ሳልነግራቸው አላልፍም።) ውሃ የሞላ የመስታወት ኳስ ቀጭን ቱቦ አበጀለትና ሁሉንም በአንድነት ግፊት ውስጥ አስገባው። ግፊቱ ከመስታወቱ ውስጥም ከውጭም እኩል ስለሆነ መስታወቱ የሚነፋበት ምክንያት የለውም። በቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ ዝቅ ካለ የታመቀው ውሃው ራሱ ነው። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1762 ሮያል ሶሳይቲ ለሚባለው የለንደን የሳይንስ ማኅበር አቀረበ፤ በ1764 የማኅበሩን የኮፕሊ ሜዳልያ ተሸለመ። ለዝናብ ውሃ ያገኘው ቁጥር በአንድ ከባቢ አየር ግፊት ከሚሊዮን 46 እጅ ነበር። እኛም የምንሠራው የእርሱን ሙከራ ነው፤ የመስታወት ኳሱን በሙከራ ቱቦ፣ የግፊት ዕቃውን በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ እንተካለን።

ዕቃ ማሰባሰብ

የሙከራ ቱቦው ዲያሜትር 18፣ ርዝመቱ 150 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ከዚህ ከወፈረ በጠርሙሱ አፍ አይገባም። ልኩ የሆነ የላስቲክ ውታፍ ያስፈልገዋል። ቀጭኑን ቱቦ ከክሊኒክ ታገኙታላችሁ፦ የደም ምርመራ የሚሠራበት፣ ርዝመቱ 75 ሚሊ ሜትር፣ የውስጥ ዲያሜትሩ ከአንድ ሚሊ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ የመስታወት ቱቦ ነው። ሰማያዊ ቀለበት ያለበትን ጠይቁ፤ ቀዩ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ተቀብቷል። ያልተጠቀሙበት መሆን እንዳለበት መናገር አያስፈልገኝም።

ጠርሙሱ ባለ አንድ ሊትር ተኩል ወይም ባለ ሁለት ሊትር የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ይሁን። የታሸገ ውሃ ጠርሙስ ፈጽሞ አትጠቀሙ፤ ስስ ነው፤ ለግፊት አልተሠራም። የለስላሳው ግን ጋዝ የያዘ መጠጥ ተሸክሞ በፀሐይ እየተንገላታ እኛ ወደምንፈልገው የሚጠጋ ግፊት ሲችል የኖረ ነው። አዲስ ይሁን፤ ጭረት ወይም ስብራት ካለበት ጣሉት።

ለአየር ማስገቢያ ጎሚስታ ዘንድ ሂዱና የቱብለስ ጎማ ቫልቭ ግዙ። ሀዋሳ የብስክሌትና የባጃጅ ከተማ ናት፤ ጎሚስታ ለማግኘት ሁለት መንገድ ማቋረጥ አይጠበቅባችሁም። የጠርሙሱን ክዳን መሃሉን በ11 ወይም በ12 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ብሱና ቫልቩን ከውስጥ ወደ ውጭ ጎትታችሁ አውጡት፤ የቫልቩ ላስቲክ ራሱ ቀዳዳውን ይደፍናል። ያረጀ ከመነዳሪ ላይ የተቆረጠ ባለ ብሎን ቫልቭም ይሆናል። ከዚህ ሌላ ግፊት የሚያሳይ ሰዓት ያለው የብስክሌት መንፊያ፣ ቴርሞሜትር፣ የኢንሱሊን ሲሪንጅ፣ ትንሽ የፕላስቲክ ማስመሪያ፣ ክር፣ ሲሊኮን፣ የምግብ ቀለም፣ የዓይን መከላከያ መነጽር፣ ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ ያስፈልጋል። ውሃው ከነዳጅ ማደያ የሚገዛው የባትሪ ውሃ ቢሆን ይመረጣል፤ የቧንቧም ይሆናል። የሐይቁን ውሃ ግን ተዉት፤ በዓይን የማይታይ ነፍስ ሞልቶበታል፤ እርሱም ሲተነፍስ አረፋ ያመጣል።

ቀጭኑን ቱቦ መለካት

መጀመሪያ ውታፉ ውስጥ ሳይገባ ልኩን እወቁ። በኢንሱሊን ሲሪንጅ ላይ ያለው እያንዳንዱ ጭረት ከአንድ ሚሊ ሊትር መቶኛ እጅ፣ ማለትም 10 ማይክሮ ሊትር ነው (ባለ 100 ጭረቱን፣ አንድ ሚሊ ሊትር የሚይዘውን ማለቴ ነው)። 5 ጭረት ባለ ቀለም ውሃ ወደ ቱቦው አስገቡና የውሃውን ዘንግ ርዝመት በማስመሪያ ለኩ። 53 ሚሊ ሜትር ሆነ እንበል፤ 50 ማይክሮ ሊትር ለ53 ሲካፈል 0.94 ይመጣል። በቱቦው ውስጥ አንድ ሚሊ ሜትር ዝቅታ ማለት 0.94 ማይክሮ ሊትር ማለት ነው። ይህን ቁጥር ጻፉት። ሦስት ጊዜ ደጋግማችሁ አማካዩን ውሰዱ፤ የመጨረሻው ስሌት ስሕተት በአብዛኛው ከዚህ ነው የሚመጣው።

ቱቦውን በውታፉ ውስጥ ማሳለፍ የብዙ ሰው ቱቦ የሚሰበርበት ቦታ ነው። የከብት ሐኪሞች የሚጠቀሙበትን ባለ 14 ቁጥር ወፍራም መርፌ ተዋሱ። መርፌውን በውታፉ መሃል አሳልፉት፤ ቀጭኑን ቱቦ በመርፌው ጫፍ በኩል ወደ ውስጡ አስገቡ፤ ከዚያ ቱቦውን ይዛችሁ መርፌውን ብቻ ወደ ኋላ ሳቡት። ላስቲኩ ቱቦውን አንቆ ይይዘዋል። እጃችሁን በጨርቅ ሸፍኑ። ከውታፉ በላይ ቢያንስ 45 ሚሊ ሜትር ይቅር። ከታች በኩል ቱቦው ከውታፉ ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ወደ ታች ከወጣ በዙሪያው አረፋ የሚደበቅበት ኪስ ይፈጠራል። ከላይ ዙሪያውን በጥቂት ሲሊኮን አሽጉና አንድ ሌሊት ይድረቅ።

አረፋ

አሁን ወደ ዋናው ጠላት መጣን። በመጀመሪያው ሙከራዬ ግፊቱ 3 ባር ሲደርስ በቱቦው ያለው ውሃ ከዓይኔ ጠፋ፤ 40 ሚሊ ሜትር ያህል ወርዶ ውታፉ ውስጥ ገባ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ባልደረባዬን ጠራሁት፣ ለተማሪዎቼ አሳየሁ፣ ፎቶ አነሣሁ። ማታ ቤት ገብቼ ሳሰላው ውሃው መታመቅ ከሚገባው ከአሥር እጥፍ በላይ «ታምቋል»። በማግስቱ ቱቦውን አውጥቼ ስመለከተው ከውታፉ ሥር የምስር ፍሬ የምታክል አረፋ ተቀምጣ ጠበቀችኝ።

የአረፋን ጉልበት በቁጥር እንየው። ሀዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የከባቢ አየሩ ግፊት 0.83 ባር ነው። ከዚያ በላይ 3 ባር ስትነፉ አጠቃላዩ 3.83 ይሆናል፤ አየርም በዚያው ልክ ይጠብና ከይዘቱ 78 በመቶውን ያጣል። ዲያሜትሯ 2 ሚሊ ሜትር የሆነች፣ ከሰናፍጭ ፍሬ የማትበልጥ አረፋ 4 ማይክሮ ሊትር ያህል ትይዛለች፤ ስትታመቅ ከ3 ማይክሮ ሊትር በላይ ትቀንሳለች። በሙከራ ቱቦው ውስጥ ያለው 22 ሚሊ ሊትር ውሃ በሙሉ በዚያ ግፊት የሚቀንሰው ደግሞ ከ3 ማይክሮ ሊትር ትንሽ ያነሰ ነው። አንዲት ሰናፍጭ ሙሉውን ቱቦ በለጠች።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ውሃውን ለ15 ደቂቃ አፍሉት፤ የሟሟው አየር ይወጣል። (ሀዋሳ ላይ ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ቴርሞሜትሩ 100 አልደረሰም ብላችሁ አትጠብቁ።) ከፈላ በኋላ ከድናችሁ፣ ሳትንጡት፣ ከክፍሉ ሙቀት 5 ዲግሪ ያህል ከፍ እስኪል ድረስ አቀዝቅዙት። ሰፊ ሳህን ውስጥ ገልብጡት፤ የሙከራ ቱቦውን በሳህኑ ውሃ ውስጥ አጥልቃችሁ ሙሉ፤ ግድግዳው ላይ የተጣበቁትን አረፋዎች በቀጭን ሽቦ ጠርጉ። ውታፉንም ውሃው ውስጥ እንዳለ ወትፉት። ትርፉ ውሃ በቀጭኑ ቱቦ አናት በኩል ሲንጠባጠብ ካያችሁ በትክክል ሞልቷል። አሁን አውጥታችሁ ገልብጡት፣ በብርሃን ላይ አዙራችሁ ተመልከቱት፤ አንዲት እንኳን አረፋ ካለች ከመጀመሪያው ጀምሩ። እንዲህ ያለው ድግግሞሽ ያሰለቻል፤ እኔን አራት ጊዜ አስጀምሮኛል።

ውሃውን ሞቅ እንዳለ የሞላነው በዘዴ ነው። ወደ ክፍሉ ሙቀት ሲመለስ ይኮማተርና በቀጭኑ ቱቦ ውስጥ ከ25 ሚሊ ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፤ ለንባብ የሚመች ቦታ ላይ በራሱ ይቆምላችኋል። ያኔ በቱቦው አናት በኩል አንዲት ጠብታ የምግብ ዘይት ጨምሩ፤ ውሃው እንዳይተን ትከድነዋለች። የሙከራ ቱቦው የሚይዘውን የውሃ መጠን ለማወቅ ባዶውን ከነውታፉ፣ ቀጥሎም ሙሉውን መዝኑ። አንድ ግራም አንድ ሚሊ ሊትር ነው ብላችሁ ያዙት። የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል፤ የወርቅ ቤት ወዳጅ ያለው ግን የእርሱን ቢዋስ ይሻላል።

ጠርሙሱ ውስጥ ማስገባት

ማስመሪያውን ቆርጣችሁ ከቀጭኑ ቱቦ ጎን በክር እሰሩት። የሙከራ ቱቦውን በክር አንጠልጥላችሁ ወደ ጠርሙሱ በቀስታ አውርዱት። ከዚያ ክፍሉ ውስጥ ያደረ ውሃ ወደ ጠርሙሱ ጨምሩ፤ ከፍታው ከውታፉ በላይ አንድ ጣት ያህል ይሁን፤ የቀጭኑ ቱቦ አናት ግን አየር ውስጥ ይቅር። ይህ ውሃ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው የሙከራ ቱቦውን ሙቀት እንዳይዋዥቅ ያረጋዋል። ሁለተኛው የደኅንነት ጉዳይ ነው፦ የታመቀ አየር ጉልበት ያጠራቅማል፣ የታመቀ ውሃ ግን እምብዛም። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው አየር ባነሰ መጠን ምናልባት ቢፈነዳ ጉዳቱ ያንሳል።

ክዳኑን አጥብቁ፤ መንፊያውን ከቫልቩ ጋር አገናኙ፤ መነጽራችሁን አድርጉ። ተማሪዎች ካሉ ሁለት ሜትር ይራቁ። ከ3 ባር አትለፉ።

ሙቀት

ሁለተኛው ሌባ ይህ ነው፤ ከአረፋም ይልቅ ተንኮለኛ ነው፤ አይታይም። 22 ሚሊ ሊትር ውሃ በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ፣ የመስታወቱ መስፋት ተቀንሶ፣ 5 ማይክሮ ሊትር ያህል ይጨምራል። በእኛ ቱቦ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ማለት ነው። 3 ባር ግፊት የሚያመጣው ለውጥ ደግሞ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ የግማሽ ዲግሪ መሞቅ ድካማችሁን ሁሉ ሊያጠፋው ይችላል። ጠርሙሱን በእጃችሁ አቅፋችሁ ብትይዙት ሙከራው አበቃ። ከመስኮት የምትገባ የፀሐይ ጨረር፣ በቅርብ የተጣደ ጀበና፣ ዙሪያውን ከብበው የሚተነፍሱ አርባ ተማሪዎች፣ ሁሉም ቱቦው ላይ ይታያሉ።

ማለዳ ሥሩ፤ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ሳይነሣ፣ ክፍሉ ሳይሞቅ። ጠርሙሱን ውሃ በሞላ ሰፊ ባልዲ ውስጥ እስከ ትከሻው አቁሙት። ከዚያ ሳትነኩ ጠብቁ። በ10 ደቂቃ ውስጥ በቱቦው ያለው ከፍታ ምንም ካልተንቀሳቀሰ ጀምሩ፤ ከተንቀሳቀሰ ገና አልረጋም ማለት ነው፤ ሻይ ጠጡና ተመለሱ።

ማንበብ

ግፊቱ ዜሮ እያለ የመጀመሪያውን ከፍታ በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። ስልኩ ከውሃው ዘንግ አናት ጋር ትክክል ይሁን፤ ከላይ ወይም ከታች ካያችሁት ማስመሪያው ይዋሻል። ስልኩን በመጻሕፍት ክምር ላይ አስደግፋችሁ ከቦታው ሳታንቀሳቅሱ ሁሉንም ፎቶ ብታነሡ ይመረጣል፤ ኋላ ፎቶውን አጉልታችሁ የሚሊ ሜትር አንድ አምስተኛ ድረስ መገመት ትችላላችሁ። ወደ 1 ባር ንፉ፤ አንድ ደቂቃ ጠብቁ፤ ፎቶ። ወደ 2፤ ፎቶ። ወደ 3፤ ፎቶ። ከዚያ የቫልቩን እምብርት ጫን እያላችሁ አየሩን በቀስታ ልቀቁና ውሃው ወደ መነሻው መመለሱን አረጋግጡ። ካልተመለሰ ውታፉ ተንሸራቷል ወይም ሙቀቱ ተቀይሯል፤ ንባቡ አይቆጠርም። መንፊያው ፒ ኤስ አይ (psi) በሚባለው የግፊት መለኪያ ብቻ የሚያሳይ ከሆነ 3 ባር ማለት 44 ያህል ነው።

ንባባችሁ ውሃ ይሁን አረፋ የምትለዩበት ጥሩ ዘዴ አለ። ውሃ ለእያንዳንዱ ባር እኩል ይወርዳል፤ በእኛ ቱቦ አንድ፣ አንድ፣ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል። አረፋ ግን መጀመሪያ ላይ ተንደርድሮ ኋላ ይደክማል። በሀዋሳ ከፍታ ላይ አረፋ በመጀመሪያው ባር 55 በመቶውን፣ በሁለተኛው ተጨማሪ 16፣ በሦስተኛው 8 ገደማ ብቻ ያጣል። የመጀመሪያው እርምጃ ከሁለተኛው ጎላ ብሎ ከበለጠ ሌባው ውስጥ አለ። ያን የመጀመሪያ ቀን ሦስቱን ንባቦች ለየብቻ ብመዘግብ ኖሮ ባልደረባዬን ባልጠራሁ ነበር፤ እኔ ግን በአንድ ትንፋሽ 3 ባር ነፍቼ ነበር።

ማስላት

3 ሚሊ ሜትር ዝቅ አለ እንበል። በ0.94 ስታባዙት 2.82 ማይክሮ ሊትር ነው። ይህን ለ22,000 ማይክሮ ሊትር፣ ቀጥሎም ለ3 ባር አካፍሉት፤ በአንድ ባር ከሚሊዮን 43 እጅ ይመጣል። ግን አልጨረስንም። ግፊቱ በሁሉም በኩል እኩል ቢሆንም መስታወቱ ራሱ በጥቂቱ ይታመቃል፤ ቱቦው አብሮ ስለሚጠብ የውሃው ዝቅታ በዚያው ልክ አንሶ ይታያል። ስለዚህ ለመስታወቱ ከሚሊዮን 2.7 እጅ ደምሩበት፤ 45 ተኩል ገደማ ይሆናል። በ25 ዲግሪ የታወቀው ቁጥር 45.2 ነው። ከ40 እስከ 50 መካከል ካገኛችሁ ደስ ይበላችሁ፤ በማስመሪያና በብስክሌት መንፊያ ከዚህ የተሻለ አይጠበቅም።

ሌላም ማመሳከሪያ አለ፤ የተማሪዋ ጥያቄ። በ25 ዲግሪ ድምፅ በውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,497 ሜትር ይጓዛል። ይህን ቁጥር በራሱ አባዙት፣ ቀጥሎም በውሃው እፍግታ፣ በ997 አባዙት። 2.23 ቢሊዮን ፓስካል፣ ማለትም 22,300 ባር ገደማ ይመጣል። አንድን ለዚህ ስታካፍሉ ከሚሊዮን 45 እጅ ታገኛላችሁ። በለስላሳ ጠርሙስ ያገኘነው ቁጥርና የድምፅ ፍጥነት የሚናገሩት አንድ ነገር ነው። ጭራሽ የማይታመቅ ውሃ ቢኖር በውስጡ ድምፅ ጊዜ ሳይፈጅ ይደርስ ነበር። መልሱን ለተማሪዋ ይዤ ስሄድ 11ኛ ክፍል ገብታ ነበር።

ጊዜ ካላችሁ ሙከራውን በበረዶ በቀዘቀዘ ውሃ ደግማችሁ ሞክሩት። ካንተን ራሱ ውሃ ከሞቃቱ ወቅት ይልቅ በብርዱ ወቅት በርትቶ እንደሚታመቅ አስተውሎ ነበር፤ ብዙ ፈሳሾች ደግሞ በተቃራኒው ሲሞቁ ነው ይበልጥ የሚታመቁት። በዜሮ ዲግሪ ቁጥሩ 51 ይጠጋል፤ እየሞቀ ሲሄድ ይቀንስና በ46 ዲግሪ አካባቢ ዝቅተኛው ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ እንደገና ይጨምራል። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሞለኪውሎቹ ክፍተት ያለው መዋቅር ስለሚሠሩ ግፊት የሚያፈርሰው ትርፍ ቦታ ያገኛል።

የቧንቧ ፍተሻ ለሚሠሩ

አዲስ የተዘረጋ ቧንቧ ከመቀበሩ በፊት በውሃ ግፊት ይፈተሻል። ይህች ቁጥር እዚያ ሥራ አላት። 100 ሜትር ባለ ሁለት ኢንች የብረት ቧንቧ 210 ሊትር ያህል ውሃ ይይዛል። ከሞላ በኋላ ግፊቱን ወደ 10 ባር ለማድረስ ለውሃው መታመቅ 95 ሚሊ ሊትር፣ ለብረቱ መለጠጥ 20 ያህል መጨመር ያስፈልጋል፤ ሁለቱ ተደምረው ሁለት የቡና ሲኒ አይሞሉም። የእጅ ፓምፑ ሁለት ሊትር ጠጥቶ ገና 10 ባር ካልደረሰ ወይ የሚያፈስ ቦታ አለ፣ ወይ ጉብታው ላይ አየር ታስሯል። ከፍ ያለውን ቦታ ከፍታችሁ አየሩን አስወጡ። ለፕላስቲክ ቧንቧ ይህ ስሌት አይሠራም፤ ፕላስቲኩ ከውሃው ይልቅ ብዙ እጥፍ ይለጠጣል። ፍተሻውን ጊዜ ለመቆጠብ ብሎ በአየር መሥራት ግን ቂልነት ነው፤ በዚያው ቧንቧ፣ በዚያው ግፊት የሚጠራቀመው ጉልበት ከውሃው በሺዎች የሚቆጠር እጥፍ ይበልጣል።

ከ3 ባር ወደ ብዙ ሺህ

ከዚህ በኋላ ያለው በስሌት ብቻ የሚሠራ ነው። የመኪና እጥበት ፓምፕ ወይም ክሪክ ፈታታችሁ ከፍተኛ ግፊት ለመሞከር አታስቡ፤ በ150 ባር የሚወጣ የውሃ ዘንግ ቆዳ ይበሳል። በዚያ ግፊት ፓምፑ ውስጥ ያለው ውሃ የሚታመቀው 0.7 በመቶ ብቻ ነው።

ግፊቱ ሲበረታ 45ን እያባዙ መሄድ አያዋጣም። ውሃ በታመቀ ቁጥር እየጠነከረ እንቢ ይላል። እስኮትላንዳዊው ፒተር ቴት፣ ቻሌንጀር የተባለችው መርከብ ወደ ውቅያኖስ ጥልቀት ያወረደቻቸው ቴርሞሜትሮች በግፊት ምን ያህል እንደተዛቡ እንዲመረምር ተጠይቆ ወደዚህ ጉዳይ ገባ፤ ዛሬ በእርሱ ስም የሚጠሩ ቀመሮች አሉ። አንዱ በስልክ ካልኩሌተር ይሠራል፦ ግፊቱን በባር ውሰዱ፣ ለ3,000 አካፍሉ፣ 1 ደምሩ፣ 7ኛ ሥሩን አውጡ። የሚመጣው ቁጥር የውሃው እፍግታ ከመነሻው ስንት እጥፍ እንደሆነ ይነግራችኋል። ለ1,000 ባር 1.042 ይወጣል፤ ይዘቱ 4 በመቶ ቀንሷል። ይህ በውቅያኖስ ጥልቁ ቦታ፣ በማሪያና ሸለቆ ወለል፣ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ካለው ግፊት ትንሽ ያነሰ ነው። ለ4,000 ባር፣ ብረት በውሃ የሚቆርጡ ማሽኖች ለሚሠሩበት፣ ከ11 በመቶ በላይ ይቀንሳል፤ በቀጥታ ማባዛት ግን 18 ይላችሁ ነበር። ለ6,000 ባር፣ ጭማቂና ሥጋ ሳይፈላ ተሕዋስያኑ ለሚገደሉበት ግፊት፣ 14 ተኩል በመቶ ያህል።

ለቅርባችን ደግሞ 45 ይበቃል። የሀዋሳ ሐይቅ ጥልቁ ቦታ 22 ሜትር ነው፤ ጠርሙሳችሁ በ3 ባር ሲነፋ ከዚያም ወርዶ 30 ሜትር ጠልቋል ማለት ነው። ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ቆማችሁ ብታሰሉት፣ ውሃው ባይታመቅ ኖሮ የጥልቁ ቦታ የውሃ ዓምድ በአንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ይረዝም ነበር። 266 ሜትር ጥልቀት ያለው ሻላ ሐይቅ ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ምክንያቱም ልዩነቱ ከጥልቀቱ ካሬ ጋር ያድጋል። ለዓለም ውቅያኖሶች በአማካይ 30 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ብዙ የወደብ ከተሞች ዛሬ ደረቅ ሆነው የቆሙት ባሕሩ በራሱ ክብደት ስለታመቀ ነው።

ቀመሩን ከ9,000 ባር በላይ አትጠቀሙበት። በክፍል ሙቀት 10,000 ባር ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ውሃው ይረጋል፤ ሳይቀዘቅዝ በረዶ ይሆናል። ይህን በረዶ ያገኘው አሜሪካዊው ፐርሲ ብሪጅማን ነው፤ በከፍተኛ ግፊት ሥራው እ.ኤ.አ. በ1946 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ስድስተኛው በረዶ ይባላል፤ እፍግታው ከውሃው ስለሚበልጥ አይንሳፈፍም፣ ወደ ታች ይሰምጣል።